ለትዳር ቪዛ የግንኙነት ማስረጃ ወር በወር እንዴት ይሰበሰባል? (የቪዲዮ ጽሑፍ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ በኮሜንትም በቴሌግራም ግሩፓችንም ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ጉዳይ ይዘን መጥተናል። አንዳችሁ አሜሪካ፣ አንዳችሁ አዲስ አበባ ናችሁ። ተጋብታችኋል፤ አይ-130ን፣ ማለትም አሜሪካ ያለው ለትዳር ጓደኛው የሚያስገባውን የኢሚግሬሽን ማመልከቻ፣ ልታስገቡ ነው። "ትዳራችን የእውነት መሆኑን በምን እናሳይ?" ነው ጥያቄው። የፎርም አሞላሉን ለብቻው ሠርተነዋል፣ ፕሌይሊስቱ ውስጥ አለ። ዛሬ ማስረጃ ብቻ ነው የምናወራው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንለይ። ከወረዳ ያወጣችሁት የጋብቻ ሰርተፍኬት በሕግ መጋባታችሁን ያሳያል። ቃል ኪዳንም ሆነ ኒካህ ቢኖራችሁ እሱም ወረዳ ተመዝግቦ ሰርተፍኬቱ መውጣት አለበት። ግን ሰርተፍኬቱ የተጋባችሁት ለኑሮ ይሁን ለወረቀት አይናገርም። ፋይሉን የሚያየው ሰው ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ሕጋዊ ነው ወይ? የእውነት ነው ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ ነው ማስረጃ የምንሰበስበው።

አሁን ይቺን በደንብ ስሙኝ፤ ቀሪው ቪዲዮ እሷ ላይ ነው የቆመው። የእድር ጸሐፊን አስቡ። ሰፈር ሐዘን ደርሷል። ድንኳን ሊተከል ነው፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ከእድሩ ቤት ሊወጣ ነው። ጸሐፊው ሐዘንተኛውን "ጎረቤቶችህን ትወዳለህ ወይ?" አይለውም። መዝገቡን ይገልጣል። መስከረም ተከፍሏል። ጥቅምት ተከፍሏል። ኅዳር ተከፍሏል። ታኅሣሥ ባዶ ነው፤ ግን ጥር ላይ ከነቅጣቱ ገብቷል፣ ፊርማ አለ። በቃ፣ ድንኳኑ ይወጣል። አሁን ሌላ ሰው ይምጣ። ሐዘኑ በደረሰበት ዕለት የሁለት ዓመት መዋጮ በጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ገንዘቡ አልጎደለም፤ እንዲያውም ትርፍ አለው። መዝገቡ ግን ነጭ ነው። ሦስተኛው ሰው ደግሞ መዝገቡን ማታ ቁጭ ብሎ የሞላ ነው። ሃያ አራቱም ወር በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ፊርማ። ጸሐፊው አንዴ ሲያየው ያውቀዋል። ለምን? የእውነት መዝገብ እንደዛ አያምርም። አንዱ ወር ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዱ ላይ ልጅ ተልኮ ከፍሏል፣ አንዱ ዘግይቷል።

የእናንተም ፋይል እንደዚያ መዝገብ ነው መታየት ያለበት። ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተሰበሰበ አራት መቶ ገጽ፣ ከትውውቅ ጀምሮ ወር በወር ከተቀመጠ ስልሳ ገጽ ይደክማል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት አውጡ፣ ወይም ኤክሴል ክፈቱ። በግራ በኩል ከተዋወቃችሁበት ወር እስከ ዛሬ ያሉትን ወራት ወደ ታች ጻፉ። በጎን አራት ዓምድ ስጡ፦ ንግግር፣ ገንዘብ፣ በአካል መገናኘት፣ ቤተሰብ። ለእያንዳንዱ ወር ቢያንስ አንድ ነገር ይግባ። ሁሉም ዓምድ መሙላት የለበትም፤ ወሩ ግን ባዶ አይሁን። ባዶ የሆነ ወር ካለ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ። ለምሳሌ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል አገር አቀፍ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ቻታችሁ ከተቆረጠ እሱን መጻፍ ነው። ከነቅጣቱ የገባችው ታኅሣሥ ማለት ይሄ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ የቻት ስክሪንሾት]

ወደ ቻት። ይቺን ስክሪንሾት እዩ። ከላይ "ውዴ" ይላል፣ የልብ ምልክት አለው፣ ከሥር ንግግሩ አለ። ምን ይጎድላታል? ውዴ ማን ነው? ስልክ ቁጥር የለም፣ ቀን የለም፣ ዓመት የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሰውየውን ፕሮፋይል ክፈቱና ቁጥሩ እየታየ አንድ ስክሪንሾት አንሱ። ቁጥሩ ፎርሙ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ይሁን። ቀጥሎ ቻቱን ስታነሱ ቀኑ የተጻፈበት መስመር እስኪታይ አንሸራትቱ። ዓመቱ ካልታየ ከገጹ ግርጌ ጻፉት።

ስክሪንሾቱን ሁሉ ከአንድ ስልክ አንሱ። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በአሜሪካ በጋ የሰባት፣ በአሜሪካ ክረምት የስምንት ሰዓት ልዩነት አላቸው። እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተደወለ ስልክ እዚያ የትናንት ቀን ይዞ ይታያል። ከሁለቱም ስልክ እየቀላቀላችሁ ካተማችሁ አንድ ጥሪ ሁለት ቀን ይኖረዋል።

ስንት ገጽ? በወር ሁለት ሦስት ገጽ ይበቃል። ምክንያቱም በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ሙሉ በሙሉ ይተረጎማል። በላቲን ፊደል የጻፋችሁት አማርኛም አማርኛ ነው፤ ይተረጎማል። ትርጉም ቤት በገጽ ያስከፍላችኋል፤ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ሄዳችሁ ዋጋ ጠይቁ፣ ስድስት መቶ ገጽ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። "እንደምን አደርሽ የኔ ፍቅር" ሠላሳ ጊዜ ከመተርጎም፣ የእናቱ ሕመም፣ የቤት ኪራዩ፣ ለፋሲካ የሚላከው ብር የተወራበትን ምረጡ። ኑሮ ያለበትን ንግግር። የቴሌግራም ሴክሬት ቻት ኤክስፖርት እንደማይደረግ፣ በራሱ የሚጠፋ ቻትም እንደማይመለስ አትርሱ። ዛሬውኑ ሴቲንጉን አስተካክሉ።

ፎቶ ሲላላኩ በቴሌግራም "ፋይል" ብላችሁ ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ የተነሳበትን ቀንና ቦታ የያዘው መረጃ ይጠፋል። ሠርግ ላይ ብቻ የተነሳ መቶ ፎቶ አንድ ቀን ነው፤ አንድ ቀን። ከሠርጉ አምስት ስድስት ይበቃል። ሽማግሌ የተላከ ዕለት፣ መልስ፣ ቅልቅል፣ የልጅ ክርስትና፣ የበዓል ምሳ፣ ቦሌ አቀባበል የተነሳችሁትን ጨምሩ። ከእያንዳንዱ ሥር ቀን፣ ቦታና "ከግራ ወደ ቀኝ" ብላችሁ ስምና ዝምድና ጻፉ።

አሁን ወደ አንድ ጉዳይ እንግባ፤ ያለፈው ቪዲዮ ሥር የተጻፈው ኮሜንት ግማሹ ይሄ ነው። "የጋራ የባንክ ሒሳብ ከሌለን አለቀልን" ትላላችሁ። አላለቀም! እውነት ነው፣ የአይ-130 መመሪያ የተቀላቀለ ገንዘብን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳል። ግን አብሮ የቤት ኪራይ ውልን፣ የጋራ ንብረትን፣ የልጆችን የልደት ሰርተፍኬት፣ የምስክሮችን ቃልም ይጠቅሳል፤ "ሌላ ማንኛውም ተገቢ ማስረጃ" የሚልም አለበት። ባልና ሚስት በሁለት አህጉር ሲኖሩ የጋራ ሒሳብ አለመኖሩ የሚያስገርም ነገር አይደለም። የሚያስገርመው ማመልከቻው ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው ተከፍቶ መክፈቻዋ ብቻ ተቀምጣ የምትታየው የጋራ ሒሳብ ናት። መዝገቡን በአንድ ማታ እንደሞላው ሰውዬ።

በምትኩ ምን? የገንዘብ ዝውውር። ዌስተርን ዩኒየን፣ መኒግራም፣ በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳብ፣ ቴሌብር። የላኪና የተቀባይ ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ ብሩ የሚላከው በወንድም ወይም በእናት ስም ነው፣ ወይም በሰው እጅ ነው። በሰው እጅ የተላከ ብር ወረቀት የለውም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ የባንኩና የጎን ገበያው ልዩነትም እንደ ድሮው አይደለም። በሕጋዊ መንገድ ላኩ፣ በትዳር ጓደኛችሁ ስም። በየወሩ ትንሽ መላክ በዓመት አንዴ ብዙ ከመላክ የተሻለ ማስረጃ ነው። ከባንኩ ማኅተም ያለው ስቴትመንት አውጡ፤ የላኪው ስም የሚታይ መሆኑን ቅርንጫፉ ላይ ቆማችሁ አረጋግጡ። ያቺ ትንሿ ደረሰኝ ደግሞ በሙቀት የምትታተም ወረቀት ናት፤ ኪስ ውስጥ ከርማ ነጭ ትሆናለች። በተቀበላችሁበት ቀን ስካን አድርጉ።

አሜሪካ ያላችሁት ደግሞ መሥሪያ ቤታችሁ ሄዳችሁ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ፣ የሕይወት ኢንሹራንስና የጡረታ ቁጠባ ወራሽ የሚለው ላይ የባለቤታችሁን ስም አስገቡና ኮፒውን ያዙ። ገንዘብ አያስወጣም። ታክስ! ከተጋባችሁ በኋላ "ሲንግል" ብላችሁ ታክስ እንዳትሠሩ። በአሜሪካ ታክስ ሕግ ዲሴምበር 31 ላይ ያገባ ሰው ዓመቱን በሙሉ እንዳገባ ነው የሚቆጠረው። አንድ ፋይል ላይ ያገባ፣ ሌላ ፋይል ላይ ያላገባ ከሆናችሁ አንዱ ውሸት ነው ማለት ነው። ተሳስታችሁ ከሆነ በታክስ ማረሚያው ፎርም፣ በ1040-ኤክስ አሳርሙ። ታክስ ሠሪያችሁ "ባለቤትሽ ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) ስለሌለው ሲንግል ነው የሚሞላው" ካለ አትቀበሉ፤ ለብቻ የሚያስገቡ ባለትዳሮች ምድብ አለ፣ አብሮ ለማስገባት ደግሞ በደብልዩ-7 ፎርም የታክስ መለያ ቁጥር ይወጣል። ይሄን ቪዲዮ ላይክ ሳታደርጉ ብትሄዱም ይቺን ለሚመለከተው ሰው ላኩለት።

ቶሎ ቶሎ እንለፍ፣ ይሄኛውን ታውቁታላችሁ። ስም፦ ፓስፖርት፣ ፋይዳ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬትና የባንክ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። የሚታረመውን ቀድማችሁ አሳርሙ። ቀን፦ ጥር 15 ቀን 2014 ማለት ጃንዋሪ 23፣ 2022 ነው። ትርጉም ቤቱ "ጃንዋሪ 15፣ 2014" ብሎ ከጻፈ ከመተዋወቃችሁ በፊት ተጋብታችኋል። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው ልዩነቱ። ትርጉሙ ሥር ተርጓሚው ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ሁለቱን ቋንቋ መቻሉን ጽፎ ይፈርም። ፍቺ፦ የቀድሞ ትዳር ካለ የፍርድ ቤት ውሳኔው፤ በሽማግሌ ተለያየን አይሠራም። ውክልና፦ አንዳችሁ በሌላችሁበት በውክልና ከተጋባችሁ፣ አሜሪካ ጋብቻውን የምትቀበለው ከዚያ በኋላ በአካል ተገናኝታችሁ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ከሆናችሁ ነው። የቦሌ ማኅተም ያለበትን፣ ቀኑም ከጋብቻው ቀን በኋላ የሆነውን የፓስፖርት ገጽ አቅርቡ።

አድራሻ ላይ ግን ትንሽ ልቁም። ፒያሳና ካዛንቺስ የነበራችሁ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ተነስታችሁ ሌላ ክፍለ ከተማ ገብታችኋል። መታወቂያው አራዳ ይላል፣ ውሉ ለሚ ኩራ ይላል፣ ባንኩ የድሮውን ይላል። ከወረዳ የተሰጣችሁን የመነሻ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ አስገቡት፣ አስተርጉሙት። አሜሪካ ያለ ሰው ፒያሳ መፍረሷን እንዲያውቅ አይጠበቅም።

የምስክር ደብዳቤ። ሽማግሌ ሆነው የሄዱ፣ ሚዜ፣ ነፍስ አባት፣ ጎረቤት። ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የተወለዱበት ቀንና ቦታ፣ ትዳሩን እንዴት እንዳወቁ በዝርዝር። ጋሽ እገሌ "ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ይዋደዳሉ" ብለው ከሚፈርሙ፣ "ሰኔ ላይ ሦስት ሆነን ቤተሰቦቿ ቤት ሄድን፤ አባቷ ሁለት ሳምንት ቀጠሩን" ቢሉ ይበልጣል። ኮምፒውተር ቤት ካለ ናሙና ሦስት ሰው ስም ብቻ ቀይሮ ካስገባ ሦስቱም ዋጋ የላቸውም።

ስለ ደላላም ልናገር፣ እዚህ ላይ ዝም ማለት አይቻልም። "ፎቶ አቀናብሬ፣ ደረሰኝ አሟልቼ" የሚላችሁን ሰው ጥላችሁት ሂዱ። ጋብቻው ለኢሚግሬሽን ብቻ የተፈጸመ ነው ተብሎ አንዴ ከተወሰነ፣ ወደፊት ከሌላ ሰው ጋር በእውነት ብትጋቡ እንኳ ማመልከቻው አይጸድቅም። የሐሰት ሰነድም ለብቻው ያስከለክላል። እውነተኛ ትዳር ያላቸው ሰዎች ባዶ ወር ለመሙላት ብለው ሲጎዱ ማየት ያሳዝናል። ባዶውን ባዶ ተዉት፣ ምክንያቱን ጻፉ።

ሁሉንም በቀን ቅደም ተከተል አድርጋችሁ፣ ያቺን የወራት ሠንጠረዥ ከፊት አስቀምጣችሁ፣ ገጽ ቁጥር ሰጥታችሁ በጥርት ያለ ፒዲኤፍ ስካን አድርጉ። በስልክ የተነሳ፣ ጣት የሚታይበት ገጽ አታስገቡ። ማስረጃ ይጎድላል የሚል ደብዳቤ ከመጣ ብዙውን ጊዜ እስከ 84 ቀን ይሰጣል፤ መልሱ አንድ ጊዜ፣ ሁሉም አብሮ ነው የሚላከው።

አይ-130 ከገባ በኋላ መሰብሰብ አይቆምም። ከማስገባት እስከ እንጦጦ መንገዱ ኤምባሲ ኢንተርቪው ድረስ ያሉት ወራትም መዝገቡ ላይ መስመር አላቸው፤ ያን አዲሱን ክፍል ለብቻ በሌላ ማህደር ከኦሪጅናሉ ጋር ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። አሜሪካ ስትገቡ ትዳሩ ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጣችሁ ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ነው፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751፣ ማለትም የሁለት ዓመቱን ገደብ የሚያስነሳው ፎርም፣ ይገባል፣ ያኔም ይሄው የወራት ሠንጠረዥ ይፈለጋል። ባዶውን ሠንጠረዥ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ በነፃ አስቀምጠነዋል። በሚቀጥለው ሳምንት የስፖንሰር ፎርሙን፣ አይ-864ን ይዘን እንመጣለን፤ ጥያቄያችሁን ከወዲሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።