የሪዩኪዩ ደሴቶች ካርታ፦ ከግብር ቅየሳ እስከ ጦር ሜዳ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የቅየሳና የካርታ ሥራ ባለሙያዎች፣

ዛሬ የምናገረው ከጃፓኗ ኪዩሹ እስከ ታይዋን አቅራቢያ ስለተዘረጉት የሪዩኪዩ ደሴቶች ነው፤ ዓመታቱንና ወራቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። የእነዚህ ደሴቶች ካርታ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ከመመርመራችን በፊት ማን፣ ለምን ጉዳይ እንዳስነሣው መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ።

የሪዩኪዩ መንግሥት ከ1737 እስከ 1750 ያካሄደው ቅየሳ ዓላማው ግብር ነበር። ሳይ ኦን በተባለው ታላቅ ሹም ዘመን የተሰማሩት ቀያሾች ከደሴቶቹ ትልቋ በሆነችው በኦኪናዋና በአጎራባች ደሴቶች የቦታ ስምና መለያ ፊደል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ተከሉ፤ ከእነዚህ ችካሎች ተነሥተውም በኮምፓስ አቅጣጫ እየያዙ፣ ርቀት እየለኩ ማሳውን መዘገቡ። የአገሬው ሰው «ሃሩ ኢሺ» ከሚላቸው ድንጋዮች ጥቂቶቹ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ለገበሬው መሬት ከሁሉም የቀረበው ሥራ ይህ ይመስለኛል፣ ገበሬውን ለማስገበር ታስቦ የተሠራ ቢሆንም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ጋር ይዋጋ የነበረው የአሜሪካ ጦር ግን ኦኪናዋን ያነሣት ከሰማይ ነው። ቢ-29 አውሮፕላኖች ሴፕቴምበር 29 ቀን 1944 ፎቶ ማንሣት ጀመሩ፤ ሆኖም ደመና በተለይ ሰሜኑን ስለሸፈነው፣ የወረራው ቀንም ስለተቆረጠ፣ በ1፡25,000 ስኬል የተዘጋጀው ካርታ ክፍተት እንዳለበት ለወታደሩ ታደለ። መድፈኞች ዒላማቸውን በቁጥር እንዲጠሩ በካሬዎች የተከፋፈለ ነበር፤ የማሳው ባለቤት ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን አይረዳም።

የአሜሪካ ጦር ኤፕሪል 1 ቀን 1945 ኦኪናዋ ላይ ወታደሮቹን በማውረድ የጀመረው ውጊያ የመሬት መዝገቦችንና የይዞታ ካርታዎችን አወደመ። ለጦር ሰፈርና ለአውሮፕላን ማረፊያ ሲባልም ጉብታው ተደልድሎ፣ መንገዱና አጥሩ ጠፍቶ፣ ባለርስቱ የገዛ ማሳውን መለየት አቃተው። ከ1946 ጀምሮ የየመንደሩ ኮሚቴዎች በነዋሪዎች ትውስታና ምስክርነት ይዞታን እንደገና ለመመዝገብ ቢደክሙም፣ በወረቀት የሰፈረው ስፋትና በመሬት ላይ ያለው በብዙ ቦታ አልገጠመም።

ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር የቆየችው ኦኪናዋ በ1972 ወደ ጃፓን ከተመለሰች በኋላ፣ በ1977 የወጣው ሕግ የየአካባቢው ባለይዞታዎች ተመካክረው በድንበሩ እንዲስማሙ ፈቀደ። ለዚህ ሥራ ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል የአሜሪካ ጦር ያነሣቸው የአየር ፎቶዎች ይገኙበታል፤ ባለርስቶቹም የቀድሞውን መንገድና የማሳ ድንበር በእነሱ ላይ እየፈለጉ ተከራከሩ።

አመሰግናለሁ።