ሽንኩርቱ የት አደረ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ደብረ ብርሃን ሆኜ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው የማወራችሁ።

ባለፈው አጎቴ ከሸዋ ሮቢት ደወለ። «አንተ ልጅ፣ ተምሬያለሁ ትል የለ? ሽንኩርቴ የት እንዳደረ ንገረኝ እስቲ!» ማታ በአይሱዙ ያስጫነው ሽንኩርት በማግስቱ አዲስ አበባ አልገባም። ሹፌሩ ጣርማ በር ዳገት ላይ ነው የቆየሁት ይላል። ደላላው የለም፣ ኬላ ላይ ነው ይላል። ሲደርስ ታፍኖ መበስበስ ጀምሯል፤ ዋጋውም ወረደ። አጎቴን ከኪሳራው በላይ ያናደደው ያቺ ሌሊት ባለቤት ማጣቷ ነው።

በርግጥ መንገዱ ቀላል አይደለም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ግን ከ3,000 ያልፋል። ግን ዳገቱ ስንት ሰዓት በላ? ኬላውስ? ማዳበሪያም በተራው ከጅቡቲ ሲመጣ የት የት እንደሚቆም እንጃ። (ሽንኩርቱ የተጫነበትንም ጆንያ «ማዳበሪያ» ነው የምንለው፤ ስሙ እንኳ ደርሶ መልስ ነው።)

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሥራዬ ብለው የሚያጠኑ አሉ። ስፔን ውስጥ ሳራጎሳ የምትባል ከተማ አለች። የባሕር ወደብ የላትም፤ በማድሪድና በባርሴሎና መሀል ነች። የአራጎን መንግሥት፣ የማዕከላዊ ሳይሆን የክልል መንግሥት ነው ልብ በሉ፣ ትልቅ የሎጂስቲክስ ፓርክ፣ ማለትም ዕቃ የሚከማችበትና የሚጓጓዝበት ሰፈር፣ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ከሳራጎሳ ዩኒቨርሲቲና ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የዕቃ ጉዞን የሚያጠና የምርምር ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ ያለው እዚያው ፓርኩ ውስጥ ነው። ተመራማሪው መስኮቱን ሲከፍት መጋዘንና መኪና ያያል ማለት ነው። ማሌዢያም እ.ኤ.አ. በ2011 ከኤምአይቲ ጋር የራሷን ማዕከል ከፍታለች።

እኛም ጋ ለዚህ የሚያስፈልገው አለ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚሁ ከተማ ነው። የመግባቢያ ሰነድ መፈራረሙን፣ ባነር ፊት ፎቶ መነሳቱንማ እናውቅበታለን። እኔን የሚያሳስበኝ መኪና የት ስንት ሰዓት እንደቆመ የሚያሳየው መዝገብ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ጭነት ትራንስፖርት ነበር። መኪኖች የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። አመጣሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» ሦስት ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ መጠይቅ በትኜ፣ ሰው የመሰለውን ሞልቶልኝ ተመረቅኩ። ውጤቴ ኤ ነው! መዝገቡ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ከመስጠቱ በፊት ያንን መዝገብ ቢሰጥ ይሻለኛል።

አጎቴ አሁን ደብተር ገዝቷል። ሹፌሩ በቆመ ቁጥር ይደውልለታል፤ እሱ ሰዓቱን ይጽፋል። ሦስት ጉዞ ሞልቷል። ትናንት ደውሎ «ይኸው ጻፍኩ፤ ለማን ልስጠው?» አለኝ።

ለጊዜው ለእኔ ላክ አልኩት።