በር ላይ የሚወልቅ ጫማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስቫልባርድ ነው። ከኖርዌይ በስተሰሜን፣ ወደ ዋልታው ግማሽ መንገድ ላይ ያሉ ደሴቶች ናቸው። በብርዱ ጊዜ ፀሐይ ለወራት አትወጣም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

እዚያ ሎንግየርብየን የምትባል ከተማ አለች። ሙዚየም ስትገቡ ጫማ አውልቁ ትባላላችሁ። አንዳንድ ሆቴልም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ስሰማ በበረዶው ምክንያት መስሎኝ ነበር። ለካ ከድንጋይ ከሰል የመጣ ነው! ቆፋሪዎቹ ከጉድጓድ ሲወጡ ጫማቸው ጥቁር በጥቁር ነው። ያ ጥላሸት ቤት እንዳይገባ በር ላይ ያወልቁ ነበር። ልማዱም እስከ ዛሬ ዘለቀ።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1906 ነው። ስሟን ያገኘችው ጆን ሎንግየር ከተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት ነው። በ1916 የኖርዌይ ኩባንያ ገዛት። ከዚያ በኋላ ቤቱም የኩባንያው፣ ሱቁም የኩባንያው። የራሱን የገንዘብ ኖት ሳይቀር ያሳትም ነበር። እኔ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ደመወዝህን የሚከፍልህ ሰው የምትተኛበትንም ቤት ከያዘው፣ «ይሄ ጉድጓድ ያሰጋል» ብለህ እንዴት ደፍረህ ትናገራለህ?

ከዚያ ወደ ሰሜን ኒ ኦሌሱንድ የምትባል መንደር አለች። የከሰል ማዕድኑ የመንግሥት ነበር። ኖቬምበር 5፣ 1962 ጉድጓዱ ውስጥ ፍንዳታ ደረሰ። 21 ሰው ሞተ። ነገሩ ግን እዚያው በረዶ ውስጥ ተቀብሮ አልቀረም። ጉዳዩ ኦስሎ ፓርላማ ገባ፤ በ1963 የጠቅላይ ሚኒስትር ጌርሃርድሰን መንግሥት በዚሁ ምክንያት ወደቀ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ዳር አገር የሞተ ሠራተኛ ጉዳይ ዋና ከተማ ሲጠየቅበት ማየት ብርቅ ነው።

ማዕድኑ ያኔ ተዘጋ። ዛሬ ኒ ኦሌሱንድ የተመራማሪዎች መንደር ናት። ከመንደሯ በላይ ተራራው ላይ ያለው ጣቢያ አየሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን ይለካል።

በሎንግየርብየንም የመጨረሻው ጉድጓድ በ2025 ተዘጋ። መዘጋቱ ልክ ነው እላለሁ፤ ምድሩ ከሌላው ዓለም በጣም ፈጥኖ እየሞቀ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቱሪስቱ ጫማውን ያወልቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካላችሁ አደራ፣ ጫማው የሚወልቀው በማን ምክንያት እንደሆነ ንገሩልኝ።