በአሜሪካ በትንሽ ደሞዝ መሥራት ያዋጣል? የእናትና የላጤ ሂሳብ

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት የደሞዝ ወረቀቶች ጎን ለጎን። ሁለቱም ላይ “በሰዓት 15 ዶላር”]

ሁለት ሰዎች ሜሪላንድ፣ ሎረል ውስጥ አንድ ዌርሃውስ ይሠራሉ። ሁለቱም በሰዓት 15 ዶላር ይከፈላቸዋል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የስቴቱ ዝቅተኛ ደሞዝ ይሄው ነው። ሁለቱም በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ። ወረቀት ላይ የሁለቱም ገቢ 31,200 ዶላር ነው።

አንደኛው ላጤ ነው። ሌላዋ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት።

የፌዴራል ታክስ ተሠርቶ ሲያበቃ እሱ እጅ ላይ የሚቀረው 27 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። እሷ እጅ ላይ ደግሞ 37 ሺህ።

[ስክሪን ላይ፦ 27,053 እና 37,057]

ሰዎቹን ለምሳሌ ነው ያመጣኋቸው። ቁጥሮቹ ግን ከ2024 የፌዴራል የታክስ ሕግ የወጡ ናቸው። የስቴትና የካውንቲ ታክስ ሆን ብዬ አላስገባሁም፤ እሱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነገሩን ያወሳስብብናል። መጠኖቹም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ አሠራሩ ግን በአብዛኛው ያው ነው።

እንግዲህ የ10 ሺህ ዶላሩ ልዩነት ከየት መጣ?

በላጤው እንጀምር፣ የሱ አጭር ነው። መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መዋጮ) ከእያንዳንዱ ዶላር 7.65 ሳንቲም ይወስዳሉ። ይሄ ማንንም አይምርም፣ የመጀመሪያዋን ዶላር ጭምር ይነካል። በዓመት 2,387 ዶላር ይሆናል። ከዚያ 14,600 ዶላር ከታክስ ነፃ ይደረግለትና በቀረው ላይ 1,760 ዶላር የገቢ ታክስ ይከፍላል። በቃ። የሚመለስለት ነገር የለም።

እናትየዋም 7.65 ሳንቲሟን እኩል ትከፍላለች። ከገቢ ታክስ በኩል ግን ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ቤተሰብ አስተዳዳሪ) ሆና ስለምትሞላ ነፃ የሚደረግላት 21,900 ዶላር ነው፤ ታክሷም 930 ዶላር ብቻ ይሆናል። እስከዚህ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ከሁለት ክሬዲቶች ነው፤ ክሬዲት ማለት ከታክስ ላይ የሚቀነስ፣ ሲተርፍም በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ቻይልድ ታክስ ክሬዲት በ2024 ሕግ ለአንድ ልጅ 2,000፣ ለሁለቱ 4,000 ዶላር ይሰጣታል። ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት የሚባለው ደግሞ 5,174 ዶላር ይጨምርላታል።

ይሄኛው ክሬዲት ከ1975 ጀምሮ ያለ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሚሰጠው ለሚሠራ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ልጅ ያላት እናት እስከ 17,400 ዶላር ድረስ ለምታገኘው ለእያንዳንዱ ዶላር መንግሥት 40 ሳንቲም ይጨምርላታል። በሰዓት 10 ዶላር የሚከፍል ሥራ ለሷ 14 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ከፍተኛው 6,960 ዶላር ላይ ይቆማል። ከዚያ ገቢዋ 22,720 ካለፈ በኋላ ቀስ እያለ መቀነስ ይጀምራል።

ስለዚህ “ቤት ብትቀመጥ ይሻላታል፣ መንግሥት ያበላታል” የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም። ልጅ ላላት እናት ከዜሮ ወደ ሥራ መግባት በደንብ ያዋጣል። ችግሩ የሚመጣው ሥራ ከገባች በኋላ ነው፣ ደሞዝ ሲጨመርላት።

ገንዘቡ የሚመጣው ግን አንዴ፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ተጠራቅሞ ነው። ይህን ክሬዲት የያዘ ሪፈንድ (የታክስ ተመላሽ) ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት እንዳይለቀቅ ሕጉ ይከለክላል። ማርች ላይ እንደ እቁብ ዕጣ አንድ ላይ ዱብ ይላል። በኦክቶበር የሚጠየቀውን ኪራይ ግን አይከፍልም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሪፈንዱ ገና ሳይገባ ግማሹን በክሬዲት ካርድ የበላው።

[ስክሪን ላይ፦ “ልጅ” የሚለው ማን ነው?]

አሁን የኛን ሰው በቀጥታ ወደሚነካው ጉዳይ ልምጣ። ያ ላጤ በየወሩ አዲስ አበባ ለእናቱ ብር ይልካል እንበል። የእህቱንም የትምህርት ቤት ይከፍላል። በእኛ ሂሳብ ይሄ ሰው ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው። በአይ አር ኤስ፣ በፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ሂሳብ ግን ላጤ ነው፣ አለቀ። በጥገኛነት ለመመዝገብ ሰውየው ወይ የአሜሪካ ዜጋ፣ ወይ በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። የዌስተርን ዩኒየን ደረሰኝ ቢቆለል አንድ ሳንቲም አይቀንስም። ልጁ ከእናቱ ጋር አዲስ አበባ ሆኖ ቪዛ የሚጠብቅለት አባትም ያው ነው። ለኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ልጁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አሜሪካ ውስጥ አብሮ መኖር አለበት። የራሱ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ያስፈልገዋል።

ላጤዎች ከ1994 ጀምሮ ትንሽ ተጥሎላቸዋል። በ2024 ከፍተኛው 632 ዶላር ነበር። ያውም ዕድሜው ከ25 እስከ 64 ለሆነ፣ ገቢውም ከ18,591 ዶላር በታች ለሆነ። በ2021 ለአንድ ዓመት ብቻ ወደ 1,502 ዶላር ከፍ ተደርጎ ነበር፣ ወዲያው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ይሄ ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም። ድሃ ላጤ ድሃ ነው። በድህነት ወለል አካባቢ እየሠራ፣ ከታክስ ሥርዓቱ ከሚያገኘው ይልቅ ለሥርዓቱ የሚከፍለው የሚበልጥበት እሱ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ 15 ዶላር → 17 ዶላር]

አሁን ወደ ጭማሪው። እናትየዋ ሱፐርቫይዘር ሆነች እንበል፣ ደሞዟ በሰዓት ወደ 17 ዶላር አደገ። በዓመት 4,160 ዶላር ተጨማሪ ነው። ቤተሰብ እንኳን ደስ ያለሽ ይላል። ገንዘቡን እንከተለው።

318 ዶላር ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ሄደ። 416 ዶላር ለገቢ ታክስ። ኧርንድ ኢንካም ክሬዲቷ ደግሞ 876 ዶላር ቀነሰ፣ ምክንያቱም አሁን ባለችበት ቦታ በእያንዳንዱ ዶላር 21 ሳንቲም ይቆረጥባታል። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) የምታገኝ ከሆነ እሱም ይቀንሳል። ደሞዝ አንድ ዶላር ሲጨምር ፉድ ስታምፕ እንደ ኪራዩ መጠን ከ24 እስከ 36 ሳንቲም ይወርዳል። ያ ከ1,000 እስከ 1,500 ዶላር ገደማ ነው።

ከ2 ዶላሩ ጭማሪ እጇ የሚገባው በሰዓት ከ50 እስከ 75 ሳንቲም ነው።

ሴክሽን ኤይት (የመንግሥት የኪራይ ድጎማ) ያላት ከሆነ ይብሳል። እዚያ ኪራይ የሚሰላው በገቢ 30 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዶላር 30 ሳንቲም ለቤቱ ይሄዳል። ሁሉም ሲደመር ከአንድ ዶላር ጭማሪ ከ90 ሳንቲም በላይ ይበላል። ሚሊየነር እንኳን በዚህ መጠን ታክስ አይከፍልም!

የሚገርመው እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ገቢ ሲያድግ ድጋፉ ይቀንስ፣ ማን ይቃወማል? ግን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይቀንሳሉ። የፉድ ስታምፑ ቢሮ የአይ አር ኤስን አያይም፣ የቤቱ ቢሮ የሁለቱንም አያይም። አንድ ላይ የሚያየው የሴትየዋ ቦርሳ ብቻ ነው።

ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ደግሞ ቀስ እያለ የሚቀንስ ሳይሆን አንዴ የሚቆረጥ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለአዋቂ መስመሩ ከድህነት ወለሉ 138 በመቶ ነው። በ2024 ለሦስት ሰው ቤተሰብ 35,632 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። በሰዓት 17 ዶላር ስትሠራ ገቢዋ 35,360 ነው፣ ገባች። በሰዓት 17 ዶላር ከ25 ሳንቲም ስትሆን 35,880፣ ወጣች። የልጆቿ ግን ይቀጥላል፤ ሜሪላንድ ልጆችን ከዚያ በጣም ከፍ እስካለ ገቢ ድረስ ትሸፍናለች። ይሄን ስለማያውቁ “ልጆቼ ኢንሹራንስ ያጣሉ” ብለው ጭማሪ የሚገፉ እናቶች አሉ። ጭማሪ ከመግፋት በፊት የራስን መስመርና የልጅን መስመር ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

[ስክሪን ላይ፦ የሠርግ ቀለበት እና የካልኩሌተር ምስል]

እግረ መንገድ፣ ሁለቱ የዌርሃውስ ሰዎች ቢጋቡስ? እያንዳንዳቸው 31,200 እንደያዙ፣ አንድ ላይ 62,400። ኧርንድ ኢንካም ክሬዲቱ ከ5,174 ወደ 61 ዶላር ይወርዳል። የሁለቱ ታክስ ሲደመርም 830 ዶላር ገደማ ይጨምራል። በድምሩ 6 ሺህ ዶላር አካባቢ። አማቾች ይሄን ሳይሰሙ ቢመርቁ ይሻላል።

ባለትዳሮች ዘንድ የሚነሳው ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሚስት ሥራ ልግባ? ባል 30,000 ዶላር ያገኛል፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ። እሷ በ15 ዶላር ሙሉ ሰዓት ብትገባ 31,200 ታመጣለች። ኧርንድ ኢንካም ክሬዲቱ 6,571 ዶላር ይቀንሳል፣ የገቢ ታክሱ 3,300 ዶላር ገደማ ይጨምራል፣ ሶሻል ሴኩሪቲው 2,387 ይወስዳል። ከቻይልድ ታክስ ክሬዲት 520 ዶላር ይመለሳል። የሚተርፈው 19,500 ዶላር ገደማ ነው፣ በሰዓት ሲመታ 9 ዶላር ከምናምን።

ገና ዴይ ኬር አልከፈልንም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለአንድ ሕፃን በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሜሪላንድ ላይ ዝቅ ይላል፣ ግን ልጆቹ ሁለት ናቸው። ለዴይ ኬር የሚሰጠው የታክስ ቅናሽ በ2024 እዚህ ቤተሰብ ላይ ቢበዛ 1,200 ዶላር ነበር። አያት ከአገር ቤት መጥታ ልጅ የምትይዝበት ቤት ይሄን ሂሳብ ያልፈዋል። አንዱ ሌሊት ሌላው ቀን እየሠሩ በር ላይ የሚተላለፉት ባልና ሚስትም እንደዚሁ። ሌላው ቤት ግን ሚስት ቤት ስትቀመጥ ስንፍና አይደለም፣ ሂሳብ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሂሳቡ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ግን ከሥራ የራቀችበት ዓመት ደሞዟን ይጎትተዋል፣ ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታዋም አይቆጠርላትም።

[ስክሪን ላይ፦ ቴክሳስ]

ላጤው ሜሪላንድ መሆኑ ራሱ ዕድል ነው። ቴክሳስ ውስጥ ዝቅተኛው ደሞዝ አሁንም የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ነው፣ ከጁላይ 2009 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ዳላስና ሂውስተን ብዙ ቀጣሪ ከዚያ በላይ ይከፍላል፣ ቢሆንም ቁጥሩን እዩት። ዓመቱን ሙሉ በ7.25 የሠራ ሰው 15,080 ዶላር ያገኛል። የ2024 የድህነት ወለል ለአንድ ሰው 15,060 ነበር። ልዩነቱ 20 ዶላር! ቴክሳስ ሜዲኬይድን ስላላሰፋች ልጅ ለሌለው ጤነኛ አዋቂ አትሰጥም። የማርኬትፕሌስ (የኦባማኬር) ኢንሹራንስ ድጎማ ደግሞ የሚጀምረው ከድህነት ወለሉ ላይ ነው። እና በዚያ ወለል ይሄ ሰው፣ ዜጋ ከሆነ፣ ታሞ አንድ ቀን ቢቀር ገቢው ከወለሉ በታች ወርዶ የኢንሹራንስ ድጎማውንም ሊያጣ ይችል ነበር። ድሃ በመሆኑ ሳይሆን በጣም ድሃ በመሆኑ።

በዲቪ ለመጡ ደግሞ አንድ ነገር። አዋቂ ሰው ግሪን ካርድ ካገኘ በኋላ ለፉድ ስታምፕና በአብዛኛው ስቴት ለሜዲኬይድ 5 ዓመት መጠበቅ አለበት፣ ይሄ የ1996ቱ ሕግ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለፉድ ስታምፕ አይጠብቁም። ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ግን የ5 ዓመት ጥበቃ የለውም። ዓመቱን ሙሉ ለታክስ ነዋሪ መሆን ብቻ ይጠይቃል፣ ስለዚህ በኦገስት የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ነው። በ2022ቱ የኢሚግሬሽን ደንብ መሠረት የታክስ ክሬዲት መውሰድ “የመንግሥት ሸክም” ተብሎ አይቆጠርም። ፈርታችሁ የተዋችሁ ካላችሁ ይሄን ስሙ።

ኡበርና ታክሲ የምትነዱም አላችሁ። እናንተ የቀጣሪውንም ድርሻ ስለምትከፍሉ 7.65 ሳይሆን 15.3 በመቶ ነው። የሚቆጠረው ግን ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው፣ በ2024 በማይል 67 ሳንቲም። ማይላችሁን መዝግቡ። ካሽ ገቢ መደበቅ ግን ሕገ ወጥ ከመሆኑ ሌላ ኪሳራም ሊሆን ይችላል። ሁለት ልጅ ያለው ሹፌር የተጣራ ገቢው 12 ሺህ ዶላር ከሆነ፣ ያልጻፋት እያንዳንዷ ዶላር 14 ሳንቲም ገደማ ታክስ አድናለት 37 ሳንቲም ገደማ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ታሳጣዋለች።

ታክስ ለማሠራት መቶ ምናምን ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት ቪታ የሚባለውን ነፃ አገልግሎት ፈልጉ፤ በጎ ፈቃደኞች በቤተ መጻሕፍትና በማኅበረሰብ ማዕከላት ይሠራሉ። ባለፉት ዓመታት ክሬዲቱ እያላችሁ ያልጠየቃችሁ ከሆነ፣ በአብዛኛው እስከ 3 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል ይቻላል። ቅጹ 1040 ኤክስ ይባላል። ልጆች ላላችሁ ሼጁል ኢ አይ ሲ የሚባለው ገጽ አብሮ መያያዙን አይታችሁ ፈርሙ።