«ጆይስቲኩ ነው»፣ «ኔትወርኩ ነው»

እንደምን ዋላችሁ። መምህራን፣ ወላጆች፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ከፔዳም ከፖሊም የመጣችሁ፣ በተለይ እናንተ ሶኬት ፍለጋ ግድግዳውን ተደግፋችሁ የቆማችሁ ልጆች። እናንተን አውቃችኋለሁ። ያ ቦታ የኔ ነበር።

የተሰጠኝ ርዕስ «ጌምና ፕሮግራሚንግ» ይላል። ወላጆች ስላሉ፣ ጌም ልጅ ያበላሻል ወይስ ያነቃል የሚለውን እንድመልስ የተፈለገ ይመስለኛል። ሁለቱንም ያደርጋል። እኔን ያበላሸኝም ያነቃኝም አንድ ቤት ነው። በቃ፣ ርዕሱን ጨረስኩ። አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

ቤቱ ከገበያው ጀርባ የነበረ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሦስት ቴሌቪዥን ነበረው። አንደኛው ቀይ ቀለም አያሳይም፤ እሱ ላይ የለመደ ልጅ አርሴናል በጥቁር ማሊያ የሚጫወት ይመስለዋል። ሕጉን ታውቁታላችሁ፣ ተሸናፊ ይከፍላል። የተሸነፈ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የምትወጣው ቃል አንድ ናት፦ «ጆይስቲኩ ነው!» አያቀብልም፣ አይመታም፣ ወደ ግራ ይስባል። የቤቱ ባለቤት አይከራከርም። የሻይ ብርጭቆውን ቴሌቪዥኑ ላይ ያስቀምጥና፣ ያችኑ ጆይስቲክ ተቀብሎ ሦስት ለዜሮ ያሸንፈናል። ከዚያ «ክፈል» ይላል። የሁለቱንም ጨዋታ።

ድረ ገጽ መሥራት ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። «ጆይስቲኩ ነው» ማለት ግን አልተውኩም ነበር። ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት።

አንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና መመዝገቢያ ድረ ገጽ ሥራልን አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ኃላፊው አጥብቆ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፣ ገጹ ሲከፈት ጢስ ዓባይ እየፈሰሰ ይታይ። እውነተኛው ፏፏቴ ውኃው ለመብራት እየተጠለፈ በበጋ ክር ያክላል፤ የኛው ግን ከመስከረም እስከ መስከረም እንዲጎርፍ ተፈለገ። ቪዲዮውን አስገባሁ። የሚንሸራተቱ ፎቶዎች ጨመርኩ። የግዕዝ ፎንት፣ የፊደል ቅርጽ ማለት ነው፣ በአራት ዓይነት ውፍረት ጫንኩ። በቢሮዬ ዋይፋይ ሲከፈት እንዴት እንደሚያምር! ተጨበጨበልኝ፣ ሂሳቤን ተቀበልኩ፣ ጥብስ በላሁ።

ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው መናኸሪያ አካባቢ ፎቶኮፒ ላነሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ መጥታ ከሰዓት ልትመለስ ነው። የትምህርት ማስረጃዋን በፌስታል ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ፊቷ ያለው ስክሪን ነጭ ነው። ከላይ አንዲት ክብ ትሽከረከራለች። ልጅቷ ገጹን እንደገና የሚያስከፍተውን ኤፍ 5 ትጫናለች፣ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ሰማያዊ ርዕስ ብቅ ይልና ደግሞ ሁሉም ቀጥ ይላል። ባለቤቱ የገባችበትን ሰዓት ደብተሩ ላይ ጽፎታል፤ በደቂቃ ነው የሚያስከፍለው። አድራሻውን አየሁት። የኔ ሥራ ነው።

ዞር ብላ «ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«ኔትወርኩ ነው» አልኳት።

ኔትወርኩ አልነበረም። አጠገቧ ያለው ልጅ ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ እያየ ይስቅ ነበር። የኔ ገጽ 9 ሜጋባይት ነበር። እያወቅሁ ነው የዋሸኋት፣ እሷ ደግሞ ወዲያው አመነችኝ። «አይ ኔትወርክ!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፔን አውጥቼ በስልኬ ዳታ ገባሁና ስሟን ቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ፣ የተመዝጋቢዎቹ መዝገብ ላይ፣ በአንድ መስመር ጻፍኩላት። የሚፈቀድ ነገር አይደለም፣ መምህራን እንዳልሰማችሁ ሁኑ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ወደ ጀልባዋ ሮጠች። አመስግናኝ!

ያን ማታ ቁጭ ብዬ ሂሳብ ሠራሁ። የምዝገባው ገጽ ጽሑፍ 2,000 ፊደል አይሞላም። አንድ የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ 8፣ ሦስት ባይት ይይዛል። እንግዲህ ልጅቷ የፈለገችው ነገር በሙሉ 6,000 ባይት፣ ማለትም 6 ኪሎባይት ነው። የኔ 9 ሜጋባይት ግን 9,000 ኪሎባይት ነው። የቀረው የኔና የኃላፊው ጌጥ ነው።

ጌሙ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፣ ረስቶታል እንዳትሉኝ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ የተባለው ጌም፣ 32ቱ ደረጃ፣ ሙዚቃው፣ ኤሊው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ሁሉም ተደምሮ 40 ኪሎባይት ነው። እንዴት አስገቡት? ቸግሯቸው። ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ነው፤ ቀለሙን ብቻ ነው የቀየሩት። ስንት ዓመት ተጫውቼ አላየሁትም! ወደ ቤት ስትገቡ እዩት። እኔ ለዚያ መሥሪያ ቤት ያስገባሁት ዓርማ ብቻውን 320 ኪሎባይት ነበር። ስምንት ማሪዮ። የማይንቀሳቀስ፣ የማይዘል ዓርማ።

ከዚያ ወዲህ በኛ ቢሮ መለኪያው ማሪዮ ነው። ገጹን እንደገና ሠራሁት፣ 78 ኪሎባይት ሆነ፣ ከሁለት ማሪዮ በታች። ቪዲዮው ወጣ። ፎንቱም ወጣ፤ ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፎንት ይዞ እየመጣ፣ ስልኮቻችንም ግዕዙን እያነበቡ፣ እኔ ለማን ነበር አራት ፎንት የምጭነው? ኃላፊው ተቆጣ። «ባዶ ሆነ» አለ። ባዶ አልሆነም፣ ተከፈተ!

አንድ ነገር ልለይ። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት የኖርነውን ማናችንም አንረሳውም። ደንበኛ ያጣችሁ አላችሁ፤ ሥራ ለመላክ አዲስ አበባ ድረስ የሄዳችሁም አላችሁ። ያኔ በእውነት ኔትወርኩ ነበር። የምናደደውም ለዚህ ነው። ያን ሁሉ ያየን ሰዎች ሜጋባይት እንደ ውኃ የምናፈሰው ምን ነክቶን ነው? ካርድ ፍቆ 100 ሜጋ የሚገዛ ሰው የእናንተን ገጽ አሥር ጊዜ ሲከፍት ይጨርሰዋል። የሚሠራበት ስልክ የእናንተ አይደለም። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ሚሞሪው የሞላ፣ ከታላቅ ወንድሙ የተረከበው ስልክ ነው። እናንተ ግን የምትፈትኑት በላፕቶፕ፣ በካምፓስ ዋይፋይ፣ ማኪያቶ እየጠጣችሁ ነው! ከዚያ «እኔ ጋ ይሠራል» ትላላችሁ። አንተ ጋ ቢሠራ ማን ምን ሊጠቅመው!

የጌም ሰዎች ይህን አይሉም። በሴኮንድ 60 ፍሬም፣ 60 ሥዕል ማለት ነው፣ ካሉ፣ ለአንዱ ፍሬም ያላቸው 16 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ካለፈ ተጫዋቹ በጣቱ ያውቀዋል፣ ይሳደባል፣ ይሄዳል። የኛ ተጠቃሚ ግን ራሱን ይነቀንቅና ደጋግሞ ኤፍ 5 ይጫናል።

የታንኳ ምሳሌም አዘጋጅቼ ነበር፣ የጭነት ነገር። ባሕር ዳር ንግግር የሚያደርግ ሁሉ ታንኳ ስለሚጠቅስ ተውኩት።

ስለ አማርኛ ጌም ተናገር ተብያለሁ። ሥሩ፣ እጫወታለሁ። ስለ ኤአይ ደግሞ፣ ኮዱን ይጻፍላችሁ፣ ክብደቱን ግን እናንተ መዝኑ። ወላጆች፣ ልጃችሁን ከጌም ቤት ስታወጡት በጆሮው አትጎትቱ፤ የኔ ግራ ጆሮ እስካሁን ይበልጣል።

አሁን የፕሮጀክት ማሳያው ይቀጥላል። አዘጋጆቹን አንድ ነገር ለምኛቸው እሺ ብለውኛል፣ የአዳራሹ ዋይፋይ ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ይጠፋል። ሁሉንም በዳታ፣ በዚህ በኔ አሮጌ ስልክ ነው የምንከፍተው። አትጩኹ። ካርድ ገዝቼ መጥቻለሁ።

ማን ይጀምራል? አንተ፣ ሶኬቱ ጋ ያለኸው። ና እስቲ።