የመንገድ ዳር ዛፍ ባለቤት አለው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በቅዳሜው የሬዲዮ ሰዓታችን ስለ ዛፍ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። አብዛኛው የደወለው ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው፤ ከአያት፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቀራኒዮ፣ ከአቃቂ። አዲስ ሰፈር፣ አዲስ መንገድና አዲስ ችግኝ የሚበዛው እዚያ ነውና አይገርምም። ሰዓቱ ስላልበቃን መልሶቹን እዚህ ሰፋ አድርጌ ጻፍኳቸው። ሁለት ነገር ደጋግሜ እላለሁ፣ አትሰልቹኝ። ከመትከላችሁም ከመቁረጣችሁም በፊት ቀና ብላችሁ ሽቦውን እዩ። ለወረዳ የምታቀርቡትን ሁሉ ደግሞ በጽሑፍ አቅርቡ።

ከአያት፦ «ከአጥሬ ውጪ እግረኛ መንገዱ ላይ ያለውን ግራቪሊያ የተከልኩት እኔ ነኝ። ውኃ እያጠጣሁ ያሳደግኩትም እኔ ነኝ። ታዲያ ልቁረጠው ስል ለምን ፈቃድ እጠየቃለሁ?»

ስለተከሉት እግዜር ይስጥልኝ። ዛፉ ግን የቆመው በሕዝብ መሬት ላይ ነው። ማንም ይትከለው ማን፣ በሕዝብ መሬት ላይ ያለ ዛፍ የሕዝብ ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው የከተማ ውበትና አረንጓዴ ልማት ቢሮ ነው፤ ለእርስዎ የሚቀርበው ወረዳዎ ነውና ከዚያ ይጀምሩ።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ዛፉ የት እንዳለ፣ ምን ችግር እንደፈጠረና ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ ይጻፉ። በስልክዎ ያነሡትን ፎቶ ያያይዙ። ከዚያ መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉና ቁጥር ይያዙ። «እዚያ ላለው ልጅ ነግሬው ነበር» የሚባል ነገር አያዋጣም። ልጁ ነገ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፣ የገቢ ቁጥሩ ግን ይቆያል። ባለሙያ መጥቶ ያየዋል፤ ይገረዝ፣ ይቆረጥ ወይም ይቆይ ይላል። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው መገረዝ ብቻ ነበር።

ከአቃቂ፦ «ለደመራ ከመንገድ ዳር አንድ ሁለት ዛፍ መቁረጥ ይቻላል?»

አይቻልም። ሰፈሩ ያዋጣና እንጨት ተራ ሄዶ ይግዛ።

ከለገጣፎ፦ «ስለ አንድ ዛፍ ለማመልከት ሄጄ፣ እዚህ አይደለም ብለው መለሱኝ። የት ልሂድ?»

ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ስለዚህ የሚያመለክቱት እዚያው ላሉበት ክፍለ ከተማ ነው። ዳር ላይ የሚኖር ሰው ይህ ብዙ ጊዜ ያንከራትተዋል። አንዳንድ ቦታ አስፋልቱን ሲሻገሩ አስተዳደሩ ይቀየራል። ከተጠራጠሩ የነዋሪነት መታወቂያዎን ማን እንደሰጠዎት ይዩ። ዛፉ ከመንገዱ ማዶ ከሆነ ደግሞ ማዶ ያለውን ነዋሪ ይጠይቁ።

ከኮዬ ፈጬ፦ «ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ይነካል። ነፋስ ሲኖር ብልጭ ይልና መብራት ይጠፋል። የሰፈራችን ልጅ መብራት በጠፋበት ሰዓት ወጥቶ በመጥረቢያ ሊቆርጥልን ተስማምቷል። ብርም አዋጥተናል። ምን ጥንቃቄ ያድርግ?»

አይውጣ። ጥንቃቄው ይኸው ነው። ያዋጣችሁትን ብር መልሱ፣ ልጁንም ዛሬውኑ አስጠንቅቁት።

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፍበት ክረምት የለም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። ቤታችሁ የሚገባው 220 ቮልት ነው። እሱም ይገድላል። በመንገዱ ዳር ከላይ የሚያልፈው ሽቦ ግን 15 ሺህ ቮልት ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉልበት ላይ ያለ ሽቦ እስኪነኩት አይጠብቅም፤ በጣም የቀረበውን ሰው ዘሎ ይይዘዋል። እርጥብ እንጨት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ያ ቅርንጫፍ ሽቦውን ነክቶ ብልጭ የሚለው ለዚህ ነው። ልጁ ግንዱን አቅፎ ሲወጣ፣ ያቀፈው በግንዱ ወደ መሬት መውረድ የጀመረ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል።

«መብራት ሲጠፋ እኮ ነው የሚወጣው» ትሉኛላችሁ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። መብራት ሲመጣ ማንንም አያስጠነቅቅም። እናንተ «መጣ!» ብላችሁ ደስ ሲላችሁ ልጁ ዛፉ ላይ ነው። ሌላም አለ። አንዱ ጎረቤት ጄኔሬተሩን ያለ መቀያየሪያ በቀጥታ ከቤቱ መስመር ጋር አገናኝቶት ከሆነ፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ከፍ ብሎ ወደ ላይኛው ሽቦ ይሄዳል። ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ሆኖ ሽቦው ኃይል አለው ማለት ነው። «ኮንጎ ጫማ አድርጌያለሁ»፣ «የመጥረቢያው እጀታ እንጨት ነው»፣ «ሽቦው ላስቲክ የለበሰ ነው» የሚሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ። አንዱም አያድንም።

ልጁ ባይጎዳ እንኳ የተቆረጠው ቅርንጫፍ የሚወድቀው ሽቦው ላይ ነው። ሽቦው ተበጥሶ ተማሪዎች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ያርፋል።

ማድረግ ያለባችሁ ይህን ነው። ለመብራት ኃይል አገልግሎት ማዕከል አመልክቱ፤ መስመሩን ዘግተው ቅርንጫፉን የሚያነሡት እነሱ ናቸው። ለወረዳውም ግልባጭ አድርጉ፣ ዛፉ የሕዝብ ነውና። ሁለቱም ጋ የገቢ ቁጥር ያዙ። ከዘገየ ቁጥሩን ይዛችሁ ተመላለሱ። መመላለስ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ። አስክሬን ከማንሣት ግን ይሻላል።

ሽቦ መሬት ላይ ወድቆ ካያችሁ አትቅረቡ፤ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። መሬቱ ራሱ ኃይል ሊኖረው ይችላል። ቀርባችሁ ከተገኛችሁ እግራችሁን ሳታነሱ፣ ገጥማችሁ በትንሽ በትንሹ እየጎተታችሁ ውጡ። የተያዘ ሰው ካለ በእጅ አትሳቡት። ሊረዳው የሮጠውም ከጎኑ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ከዚያው ከኮዬ ፈጬ፦ «እንግዲያው ሽቦ ሥር ምን እንትከል?»

ቦትል ብረሽ። አጭር ሆኖ ይቀራል። ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ ሽቦ ሥር አይተከልም። ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ቀና በሉ።

ከጀሞ፦ «በራችን ላይ ያለው ጃካራንዳ በጣም ረዘመ። ክረምት ሲመጣ ያስፈራናል። ጫፉን ከመሃል ብናሳጥረውስ?»

እናቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ጫፉን መቁረጥ ግን ዛፉን የበለጠ አደገኛ ያደርገዋል። ከመሃል የተቆረጠ ግንድ ጫፉ ላይ ይበሰብሳል። ከጎኑ ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ያወጣል። እነዚህ ከግንዱ ውስጥ አልተነሡም፤ ከቅርፊቱ ሥር ብቻ ነው የተጣበቁት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከብደው፣ ሥራቸው በስብሶ፣ የበልግ ነፋስ ሲመጣ ተገንጥለው ይወድቃሉ። ዛሬ አንድ ረጅም ዛፍ ነው የሚያስፈራዎት፤ ያኔ የሚያስፈራዎት ብዙ ልል ቅርንጫፍ ይሆናል።

ጥሩ ገራዥ ጫፍ አይነካም። የደረቀውን፣ የተሻገረውንና የተሰነጠቀውን ብቻ ያወጣል። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ሲገናኝ ቀለበት የመሰለ እብጠት አለ፤ ልብ ብለው ቢያዩት ቅርፊቱ እዚያ ላይ ይሸበሸባል። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በዚያ እብጠት ነው። የሚቆረጠው ከእብጠቱ ወጣ ብሎ ነው። እብጠቱን ልጦ መቁረጥም፣ የክንድ ያህል ጉቶ ማስቀረትም ስሕተት ነው። ይህን ግን እርስዎ አያደርጉትም፣ የሰፈሩ እንጨት ፈላጭም አያደርገውም። ወረዳው ባለሙያ እንዲልክ ያመልክቱ። በጽሑፍ።

ከየካ አባዶ፦ «ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ያሉት ዛፎች የማን ናቸው? ምድር ላይ የሚኖረው ሰው በሩ ላይ ያለውን ሊቆርጥ ይችላል?»

አይችልም። ግቢው የጋራ ይዞታ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ተሰብስቦ ይወስን፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ከዚያ ለወረዳው ያሳውቅ።

ኮንዶሚኒየም ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ግቢውን ስታነጥፉ ሲሚንቶውን ግንዱ ድረስ አታድርሱት። ዛፍ ምግብና ውኃ የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ናቸው። ከቅርንጫፉ ጥላም አልፈው ይሄዳሉ። ሲሚንቶ አየርና ውኃ ይከለክላቸዋል። ዛፉ ወዲያው አይሞትም፤ ከጫፉ እየደረቀ ዓመታት ይወስዳል። ያኔ ማንም ሲሚንቶውን አያስታውስም፣ «በሽታ መታው» ይባላል።

ከቦሌ አራብሳ፦ «የልብስ እጣቢ ውኃ ለችግኝ ይሆናል?»

የመጨረሻው ማለቅለቂያ ይሆናል። በረኪና የነካው አይሆንም።

ከቱሉ ዲምቱ፦ «ከሁለት ክረምት በፊት በሰፈራችን የተከልናቸው ችግኞች አላደጉም፣ አልሞቱምም። ማዳበሪያ እንጨምር?»

የኔ ልጅ፣ ማዳበሪያውን ተወው። ከደከሙት አንዱን በጥንቃቄ ከጎኑ ቆፍረህ እይ። ጥቁሩን ላስቲክ እዚያው ታገኘዋለህ ብዬ እገምታለሁ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሰው በየክረምቱ ለመትከል ይወጣል፤ ይህ ልቤን ደስ ያሰኘዋል። ግን በጥድፊያ ከነላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ብዙ ነው። ሥሩ መውጫ ሲያጣ እዚያው ዙሪያውን ይጠመጠማል። ላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቀድደህ አውጣ፣ ዙሪያውን የዞረውን ሥር ቁረጥ፣ ዝናብ ሲገባ መልሰህ ትከለው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ደግሞ ውኃ አጠጣ። ችግኝ የሚሞተው በበጋ ነው። የሐምሌ ፎቶ ዛፍ አያሳድግም።

ከቀራኒዮ፦ «ከአንድ ሱቅ ፊት ለፊት ያለ ትልቅ ዛፍ ቅርፊቱ ዙሪያውን ተልጧል። ማታ ነው የተደረገው። ይድናል?»

ልጣጩ ዙሪያውን ገጥሞ ከሆነ አይድንም። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን ነው። ያ ከተቋረጠ ሥሩ በረሃብ ይሞታል። ግማሹ ቅርፊት ከቀረ ግን ተስፋ አለው። እበትም ጭቃም አትለቅልቁበት፤ ክፍት ይሁን።

ይህን የሚያደርግ ሰው «እኔ አልቆረጥኩም፣ ራሱ ደረቀ» ለማለት ነው የሚያደርገው። ግን የደረቀ ዛፍ በቁሙ ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ የሚወድቀውም እዚያው ሱቅ ደጅ የቆመ ደንበኛ ላይ ነው። በጨው፣ በተቃጠለ ዘይትና ሥሩ ላይ ቆሻሻ በማቃጠል የሚገድሉም አሉ። ሁሉም አንድ ነው። ከባለ ሱቁ ጋር አትጣሉ፣ አይታችሁ ካልያዛችሁትም ስሙን አታንሡ። ፎቶ አንሥታችሁ ለወረዳውና ለደንብ ማስከበር በጽሑፍ አሳውቁ።

ሳይታሰብ የሚደረግ ልጣጭም አለ። ልብስ ማስጫ ሽቦ ግንድ ላይ ታስሮ ይረሳል። ዓመታት ሲያልፉ ግንዱ ወፍሮ ሽቦውን ይውጠዋል። ከላይ በኩል ያብጣል፣ ከታች ይቀጥናል፣ ሽቦው የገባበት ላይ ዝገት የቀላቀለ ፈሳሽ ይወርዳል። ነፋስ ሲመጣ የሚሰበረው ልክ እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ወጥታችሁ በየደጃችሁ ያለውን ፍቱ። ግንድ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን አትጎትቱት፤ ሁለቱን ጫፍ ቆርጣችሁ የተዋጠውን ተዉት።

ከየካ ተራራ ሥር፦ «ባሕር ዛፍ ውኃ ያደርቃል ይባላል። ለምን አንድ ጊዜ ተነቅሎ አያልቅም?»

ባሕር ዛፍ ውለታ ውሎልናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ሲመጣ የእንጦጦ ዙሪያ ማገዶ አልቆ ነበር። ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦም ነበር። አዲስ አበባ እዚህ የቀረችው በከፊል በዚህ ዛፍ ነው። ውኃ በብዛት መጠጣቱም እውነት ነው፤ ስለዚህ ምንጭና ወንዝ ዳር ቦታው አይደለም። ተዳፋት ላይ ግን በአንድ ጊዜ ከተመነጠረ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ታች ያሉት ቤቶች ላይ ያወርደዋል። በየተራ እየተነሣ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ ይተካ። ጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ክትትል ይፈልጋል። እንጦጦ ላይ ያለውን የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ሄዳችሁ ጎብኙ፤ አገር በቀሎቹን በአካል ታያላችሁ።

ከሰሚት፦ «ካለፈው ዝናብ በኋላ አንድ ትልቅ ዛፍ ወደ ቤታችን ዘመም ብሏል። በስተጀርባው መሬቱ ተሰንጥቋል። በገመድ ብናስረው ይበቃል?»

አይበቃም። ካዘመመበት በተቃራኒ መሬቱ ከተሰነጠቀ ሥሩ እየለቀቀ ነው። በዚያ በኩል ባለው ክፍል ዛሬ ማታ ማንም አይደር። ሕፃናት በሥሩ እንዳያልፉ መንገዱን ዝጉ። ሽቦ በአጠገቡ ካለ ለመብራት ኃይል፣ ለአደጋው ደግሞ በ939 ለእሳትና አደጋ አሁኑኑ ደውሉ። ለዚህ የሚጻፍ ማመልከቻ ነገ ይደርሳል፤ ዛሬ ባለሙያ በቦታው ሆኖ ይየው።