ዲቢኤ ለመሆን ከየት ልጀምር? ከዘር እህሉ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! የዛሬው ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ነው። «ዲቢኤ መሆን እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ዲቢኤ፣ ዳታቤዝ አድሚኒስትሬተር፣ ዳታቤዙን የሚጠብቀው ባለሙያ ማለት ነው። ዳታቤዝ ምን እንደሆነ ዛሬ አልገባበትም። ቴብልና ሴሌክት አዲስ የሆነባችሁ ካላችሁ የቻናሉን የመጀመሪያ ቪዲዮዎች አይታችሁ ተመለሱ፣ እዚሁ ነን።

እሺ። ከጎተራ እንጀምር። አዎ፣ ከእህል ጎተራ!

አያቴ ገጠር ነበረች፤ የቤቱ ጎተራ በእሷ እጅ ነው። ጤፉ የቱ ጋ እንዳለ፣ ገብሱ ስንት ወር እንደሚያደርስ የምታውቀው እሷ ናት። ማን ገብቶ እንደሚሰፍር የምትፈቅደውም እሷ ናት። ልጅ ቁና ይዞ ዘው አይልም! ይሄ በእኛ ቤት ፐርሚሽን ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ እንዳይሰርግ፣ አይጥ እንዳይበሳው ዞር ዞር ብላ ታያለች። ይሄ ሞኒተሪንግ ነው። ግን ወዳጆቼ፣ ትልቁ ነገር ዘሩ ነው። ዘሩ!

ዘር ከሚበላው እህል ጋር አይቀመጥም። የበቆሎው ዘር ነቀዝ እንዳይገባው ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ይከርማል። ጎተራው ጉድ ቢሆን ዘር አለ። ባክአፕ ማለት በቃ ይሄው ነው። ደግሞ አያቴ ዘሩን ሰቅላ አትረሳውም። አልፎ አልፎ ታወርደዋለች። ፍሬውን በጥፍሯ ትጫነዋለች፣ ቀዳዳ እንዳለው ወደ ብርሃን አዙራ ታያለች። ለምን? በሬው ተጠምዶ፣ ዝናቡ ጥሎ፣ ያኔ ዘሩ ሲወርድ ዱቄት ብቻ ቢሆንስ? «ዘር ነበረኝ» ብሎ የሚያበቅል ሰው የለም።

ዲቢኤ ለእኔ እንደዚያች ሴት ነው። ባክአፕ መውሰዱን ስክሪፕትም ይወስደዋል። የምትቀጠሩት ለመመለስ ነው። ለመመለስ! ሪስቶር ለማድረግ!

የእውነት ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017፣ ጊትላብ፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ። አንድ ኢንጂነር በምሽት የሬፕሊኬሽን፣ ማለትም ዋናውን ዳታቤዝ ወደ ሁለተኛ ሰርቨር የመገልበጥ፣ ችግር ሲያስተካክል ቆይቶ፣ የሁለተኛውን ሰርቨር የዳታ ፎልደር አጠፋለሁ ብሎ የዋናውን አጠፋው። ደንግጦ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። በየቀኑ የሚወሰደው ባክአፕስ? ማስቀመጫው ባዶ! ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም፣ ፒጂ ደምፕ፣ ቨርዥኑ 9.2፣ ዳታቤዙ ግን 9.6 ነበር፤ ስለዚህ ኤረር እያወጣ ይቆም ነበር። ኤረሩን የሚናገረው ኢሜይልም ለማንም አይደርስም ነበር። ያተረፋቸው ያው ሰው ጥፋቱ ከመድረሱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ የወሰደው ስናፕሾት፣ የዳታው የዚያች ሰዓት ቅጂ፣ ነው። የተፈጠረውን ሁሉ ሳይደብቁ ጽፈው ስላወጡት አከብራቸዋለሁ፤ እኔም ተምሬበታለሁ።

ወደ ትምህርቱ ልግባ ስል ደግሞ የአንድ ተመልካች ጥያቄ ያዘኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁት ላልፈው አልችልም። «አሁን ሁሉም ክላውድ ላይ ነው፣ ባክአፑን ራሱ ይወስዳል፣ ሬፕሊካም አለ፤ ዲቢኤ ምን ይሠራል?»

ኧረ ወንድሜ! እስቲ አብረን እንየው። አንድ ልጅ ዌር የሌለው ዲሊት ጻፈ እንበል፤ የቱ ረድፍ ይጥፋ ሳይል ማጥፋት ማለት ነው። የደንበኞች ቴብል በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ዋናውን እየተከተለ የሚገለብጠው ሬፕሊካ ምን ያደርጋል? የታዘዘውን ነው የሚያደርገው፣ እሱም ያጠፋል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሁለት ባዶ ቴብል አላችሁ። ሬፕሊካ ሰርቨር ሲወድቅ ይደርስላችኋል፤ ሰው ሲሳሳት ግን አይደርስላችሁም። ክላውዱስ? የአማዞን የክላውድ ዳታቤዝ አገልግሎት፣ አርዲኤስ፣ አውቶማቲክ ባክአፑ ቢበዛ 35 ቀን ነው የሚቆየው። ጥፋቱ በአርባኛው ቀን ቢታወቅስ? ስንት ቀን ይቀመጥ ብሎ የሚወስነው ማነው? ወደ የትኛዋ ደቂቃ እንመለስ የሚለውስ? ሰው ነው። እናንተ ናችሁ። ክላውዱ ጎተራውን ሠራላችሁ እንጂ ዘሩን በጥፍሩ አይጫንላችሁም።

በሉ ወደ ሥራው። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ አውርዱ። የኤስኪውኤል ሰርቨር ዲቨሎፐር ኤዲሽንም ለመማር ነፃ ነው። ባንክ መግባት ለምታስቡ ኦራክልን በኋላ ጨምሩ። አንዱን ያዙና ጠልቃችሁ ግቡ፤ ሦስቱን ባንዴ አትጀምሩ፣ ሰርተፊኬት ለመግዛትም አትቸኩሉ። ጆይን፣ ኢንዴክስ፣ ሎክ፣ የኤክስኪዩሽን ፕላን ንባብ፣ ዩዘርና ሮል፣ ፉል ባክአፕ፣ ዲፈረንሻል፣ የትራንዛክሽን ሎግ ባክአፕ። ሊነክስ ላይ መንቀሳቀስም አይቅር። እያንዳንዱ የራሱ ቪዲዮ አለው፣ ሊንኩ ከታች። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ በዚሁ አድርጉ።

አንድ ነገር ግን በዓይናችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። (ስክሪኑን አሳይ) ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ነኝ፣ ስም የሚገባበትን ኮለም ዓይነቱን ቫርቻር፣ የጽሑፍ ዓይነት፣ አልኩት። «ዓለሙ» ብዬ አስገባሁ። አሁን ሴሌክት። አያችሁ? ሦስት የጥያቄ ምልክት። ሦስት ፊደል ገባ፣ ሦስት የጥያቄ ምልክት ወጣ። በተለመደው ኮሌሽን፣ ማለትም በተለመደው የፊደል አያያዝ ደንብ፣ ቫርቻር የአማርኛ ፊደል አይዝም። ኤንቫርቻር አድርጉት፤ ኢንሰርት ስትጽፉም ከጥቅሱ ፊት ኤን የምትለዋን ፊደል አትርሱ፣ ካለሷ አሁንም የጥያቄ ምልክት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ባክአፕም አያድናችሁም፤ ፊደሉ መጀመሪያውኑ አልገባማ! የሰው ስም እኮ ነው። አንድ እናት ካርድ ክፍል ቆመው ስማቸው ሲፈለግ የሚታየው የጥያቄ ምልክት እንዳይሆን አደራ።

ሥራ ስትፈልጉ «ዲቢኤ» የሚለውን ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቁ። ብዙ ሰው የሚገባው በሄልፕ ዴስክ፣ በአፕሊኬሽን ሰፖርት ወይም በሪፖርት ሥራ በኩል ነው። እዚያ ሆናችሁ ዳታቤዙን ወደሚጠብቀው ሰው ተጠጉ፣ ሌሊት ሲጠራ አብራችሁ ግቡ።

እስከሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ። ለልምምድ ብቻ ዳታቤዝ ፍጠሩ፣ ሺህ ረድፍ አስገቡ፣ ባክአፕ ውሰዱ። ከዚያ ድሮፕ አድርጉት፣ አጥፉት፣ ሙሉውን! ሰዓት ያዙና መልሱት። ስንት ደቂቃ ፈጀ? ሺው ረድፍ በሙሉ መጣ? ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንመልሰዋለን፣ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ።